ጌም ስታክ ሲያደርግ ማፍጠኛ ሶፍትዌሮችን እንዴት እንጠቀም?

ጌሙ ስታክ ባደረገ ቁጥር ዩቲዩብ ላይ “ይቺን ጫን፣ ኤፍፒኤስህ (በሰከንድ የሚታየው የምስል ብዛት) እጥፍ ይሆናል” የሚል አይጠፋም። አይሆንም። ማፍጠኛ የሚባሉት ሶፍትዌሮች ለኮምፒውተሩ አዲስ ጉልበት አይጨምሩለትም፤ ሌሎች ፕሮግራሞች የተሻሙትን ለጌሙ ያስመልሱለታል እንጂ። ስለዚህ 8 ጊጋ ራም ባለው ያገለገለ ላፕቶፕ ላይ፣ ክሮም በሃያ ታብ ተከፍቶ፣ ቴሌግራም ደግሞ ከጀርባ ፊልም እያወረደ ከሆነ ልዩነቱ በዓይን ይታያል። 32 ጊጋ ባለውና ብዙ ነገር ባልተጫነበት ማሽን ላይ ግን ምንም ለውጥ ባታዩ አይግረማችሁ።

መጀመሪያ ለኩ

ሳትለኩ ማፍጠኛ መጫን በጨለማ መደባበስ ነው። ለመለካት ኤምኤስአይ አፍተርበርነርን አውርዱ። ነጻ ነው፤ የኤምኤስአይ ስም ይኑረው እንጂ በሌላ ካምፓኒ ግራፊክስ ካርድ ላይም ይሠራል። ስትጭኑት ሪቫቲዩነር የሚባል ሌላ ሶፍትዌር አብሮ ልጫን ይላል። እሺ በሉት፤ ቁጥሮቹን ጌሙ ላይ የሚጽፍላችሁ እሱ ነው።

ከዚያ የአፍተርበርነርን ሴቲንግ ከፍታችሁ ሞኒተሪንግ ወደሚለው ገጽ ሂዱ። ፍሬምሬት (ኤፍፒኤሱ ማለት ነው)፣ የጂፒዩ (የግራፊክስ ካርዱ) አጠቃቀምና ሙቀት፣ የሲፒዩ (የፕሮሰሰሩ) አጠቃቀምና ሙቀት፣ ራም። እነዚህን አንድ በአንድ እየነካችሁ፣ ከታች ኦን-ስክሪን ዲስፕሌይ ላይ አሳይ የምትለዋን ሳጥን ምልክት አድርጉባት። አሁን ጌሙን ክፈቱና ሁሌ የሚያስቸግራችሁ ቦታ ላይ ሩብ ሰዓት ያህል ተጫወቱ። ቁጥሮቹን ስልካችሁ ላይ ጻፏቸው፣ በኋላ ይፈለጋሉ።

ቁጥሮቹ ብዙ ይናገራሉ። ግራፊክስ ካርዱ ከ95 በመቶ በላይ ላይ ተሰቅሎ ከቀረ ጌሙ የካርዱን አቅም አሟጦ እየተጠቀመ ነው፤ ማፍጠኛ እዚህ ጋ ብዙ አይፈይድም፣ መፍትሄው ጌሙ ሴቲንግ ውስጥ ነው። ካርዱ 50 እና 60 በመቶ ላይ እየዋለለ ፕሮሰሰሩ ከተጨናነቀ ወይም ራሙ ጢም ብሎ ከሞላ ግን ከጀርባ የሚሻማ ሊኖር ይችላል። ሶፍትዌር የሚረዳው እንዲህ ሲሆን ነው። የፕሮሰሰሩ ሙቀት 95 ዲግሪ ገደማ ደርሶ ከሆነስ? ፕሮሰሰሩ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። ጌሙ መጀመሪያ ላይ ጥሩ ሆኖ ቆይቶ የሚንቀረፈፈው ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው። እንደዚያ ከሆነ የሚያስፈልጋችሁ ፋኑን ከአቧራ የሚያጸዳና ቴርማል ፔስት የሚቀይር ጠጋኝ ነው።

የዊንዶውስን ራሱን ተጠቀሙ

ዊንዶውስ ከ2017 ጀምሮ ጌም ሞድ አለው። ሴቲንግ፣ ጌሚንግ፣ ጌም ሞድ ብላችሁ አብሩት። ቢያንስ ጨዋታ መሃል ዊንዶውስ አፕዴት ድራይቨር (ዊንዶውስ ሃርድዌሩን የሚያዝበት ሶፍትዌር) ልጫን፣ ሪስታርት ላድርግ እያለ አይረብሻችሁም። ቀጥሎ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጭናችሁ ታስክ ማናጀርን ክፈቱና ስታርትአፕ የሚለው ውስጥ ኮምፒውተሩ ሲበራ አብረው የሚነሱትን ዲሴብል አድርጉ። አንቲቫይረሱን ግን እንዳትነኩት። ላፕቶፕ ከሆነ ደግሞ ቻርጀር ላይ ሰክታችሁ ተጫወቱ፤ በባትሪ ብቻ ብዙ ላፕቶፖች ግማሽ ልባቸውን ነው የሚሠሩት።

አሁን ማፍጠኛው

ሬዘር ኮርቴክስን ከራሱ ከሬዘር ድረ-ገጽ አውርዱ። እሱም ነጻ ነው። ሥራው ቀላል ነው፤ ጌም ስትከፍቱ ከጀርባ ያሉትን ፕሮግራሞች ይዘጋል፣ ስትወጡ መልሶ ያስነሳቸዋል። ግን ዝም ብላችሁ ቡስት አትበሉ። መጀመሪያ የሚዘጋቸውን ዝርዝር እዩ፣ የምትፈልጉትን ለምሳሌ ዲስኮርድን ከዝርዝሩ አውጡ። ከዚያ ያው ቦታ ላይ ያንኑ ያህል ተጫውታችሁ ቁጥሩን ከፊተኛው ጋር አስተያዩ። ለውጥ ከሌለ አጥፉት፤ ማፍጠኛውም ራሱ ራም ይበላል እኮ።

ችግሩ ግራፊክስ ካርዱ ለሆነበት ሰው

ድራይቨሩን በካምፓኒው በራሱ ሶፍትዌር አድሱ፦ ለኤንቪዲያ ኤንቪዲያ አፕ፣ ለኤኤምዲ አድሬናሊን። “ድራይቨር አፕዴተር” የሚሉትን እለፏቸው። ከዚያ ጌሙ ውስጥ ኤፍኤስአር የሚል ካለ ኳሊቲ ላይ አድርጉት። ኤኤምዲ በ2021 ያወጣው ነው፤ ግን አብዛኞቹ ቨርዥኖቹ በሌሎች ካምፓኒዎች ካርዶች ላይም፣ በቆዩት ጭምር ይሠራሉ። ስክሪናችሁ 1920 በ1080 ከሆነ ጌሙን በ1280 በ720 ሠርቶ ያሳድገዋል። ካርዱ ሸክሙ ይቀልለታል። በእኔ ግምት ከማንኛውም ማፍጠኛ የተሻለ ውጤት የምታገኙት እዚህ ጋ ነው።

ሌላም አለ። ኤፍፒኤሱ አንዴ 75 አንዴ 40 እያለ ከሚዘል 45 ላይ ቢረጋ ለዓይን ይሻላል። ሪቫቲዩነር ውስጥ ፍሬምሬት ሊሚት የሚለው ቦታ 0 ነው ያለው፤ እዚያ የምትፈልጉትን ቁጥር ጻፉ።

እንዳትነኳቸው

ራም አጽጂ ነን የሚሉትን ተዉ። ዊንዶውስ ትርፍ ራም ላይ ፋይል የሚያስቀምጠው ሆነ ብሎ ነው፤ እሱን ብታጸዱት ከሃርድ ዲስክ እንደገና ያነባል፣ ይባስ ይጎተታል። ሬጂስትሪ (የዊንዶውስ የሴቲንግ መዝገብ) አጽጂዎችንም ማይክሮሶፍት ራሱ አይደግፋቸውም። ክራክ የተደረገ ማፍጠኛ ከቴሌግራም ቻናል ማውረድማ አይታሰብም። ሲክሊነር የተባለው የኮምፒውተር አጽጂ ያን ያህል የታወቀ ሆኖ በ2017 ሰርጎ ገቦች 5.33 የተባለው ቨርዥኑ ውስጥ ቫይረስ ከተው ከ2 ሚሊዮን በላይ ሰው ኮምፒውተር ላይ ተጭኗል። ያውም ከኦፊሴላዊ ገጹ። ምንጩ ያልታወቀውን እናንተው አስቡት።

ፒንግን (መልእክት ሰርቨሩ ደርሶ እስኪመለስ የሚፈጀውን ጊዜ) በተመለከተ፣ አዲስ አበባ ሆናችሁ አውሮፓ ያለ ሰርቨር ላይ እየተጫወታችሁ ርቀቱን የሚያጠፋ ማፍጠኛ የለም። ቤት ውስጥ ዋይፋይ ላይ የሚያወርድ ሰው ካለ ግን እሱን ለምኑት።

ይሄ ሁሉ ተደርጎ አሁንም ከተጎተተ፣ ታስክ ማናጀር ውስጥ ፐርፎርማንስ ከዚያ ሜሞሪ የሚለውን ክፈቱ። ስሎትስ ዩዝድ በሚለው ላይ “1 ኦፍ 2” ካላችሁ አንድ ራም ብቻ ነው የተሰካው። ሁለተኛ ስትጨምሩ በተለይ ለብቻው ግራፊክስ ካርድ የሌለው ላፕቶፕ ለውጡ ጎልቶ ይታያል፣ ምክንያቱም ግራፊክሱ የሚጠቀመው ያንኑ ራም ነው። ከመግዛታችሁ በፊት ዲዲአር 3 ይሁን 4 ወይም 5 አረጋግጡ፤ አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም።