ድምፁ መጀመሪያ ይቁም፣ ከዚያ ይርገብገብ

ጥሩ የማሲንቆ ተጫዋች አጠገብ ተቀምጣችሁ ግራ እጁን ተመልከቱ። ረዘም ያለ ድምፅ ሲያወጣ ጣቱ ጭራው ላይ መጀመሪያ ጸጥ ብሎ ያርፋል፤ መርገብገብ የሚጀምረው ድምፁ ቦታውን ከያዘ በኋላ ነው። በሲንተሳይዘር (ድምፅን በኤሌክትሪክ በሚፈጥር መሣሪያ) ላይ ኤል ኤፍ ኦ ስጠቀም የምፈልገው ይህንን ጣት ነው።

ኤል ኤፍ ኦ በጣም ዝግ ያለ ሞገድ ነው። ራሱ አይሰማም፤ ሥራው ሌላውን ከፍ ዝቅ ማድረግ ነው። የምሠራበት መሣሪያ እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው ኮርግ ሚኒሎግ ነው።

የድምፅ አወጣጡን ሞኖ (በአንድ ጊዜ አንድ ኖታ ብቻ) አድርጉት። የኤል ኤፍ ኦውን ሞገድ ትሪያንግል (ሦስት ማዕዘን) ላይ፣ ታርጌቱን፣ ማለትም የሚነዳውን ነገር፣ ፒች (የኖታው ከፍታ) ላይ አቁሙ። አንድ ኖታ ይዛችሁ ኢንቱን (የርግብግቢቱን ስፋት) ለጊዜው ከፍ አድርጉና ሬቱን (ፍጥነቱን) በሰከንድ አምስት ወይም ስድስት ርግብግቢት እስክትቆጥሩ ድረስ አስተካክሉ፤ የዘፋኝ ጉሮሮም እዚያው አካባቢ ነው። ከዚያ ኢንቱን ወደ ዜሮ መልሱና በጣም ጥቂት ብቻ ክፈቱት። ምን ያህል እንደሚበቃ የአንቺሆዬ ቅኝት ይነግራችኋል። ከሲ በሚነሳ አንቺሆዬ ሲና ዲ ፍላት፣ ኤፍና ጂ ፍላት የሚራራቁት በግማሽ ድምፅ ነው። ርግብግቢቱ ጎረቤቱን ኖታ ከነካ ቅኝቱ ፈረሰ ማለት ነው።

ዋናው ነገር መዘግየቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 የወጣው ያማሃ ዲኤክስ ሰባት ለዚህ ራሱን የቻለ የዲሌይ ቁጥር አለው፤ ከ0 እስከ 99 ይሄዳል። ሚኒሎግ ላይ ግን በኤንቬሎፕ፣ በአጭሩ ኢጂ፣ እናመጣዋለን፤ ይህ ኖታ ስትጫኑ ከጊዜ ጋር የሚነሳና የሚወርድ መቆጣጠሪያ ነው። ኢጂ ሞድ የሚለውን ማብሪያ ኢንት ላይ አድርጉ። ከዚያ የኢጂውን አታክ (ለመነሳት የሚፈጅበትን ጊዜ) ወደ መካከል፣ ሰስቴይኑን (ኖታው ተይዞ ሳለ የሚቆይበትን ደረጃ) እስከ ጫፍ ውሰዱ። ልብ በሉ፣ የድምፁን ጉልበት የሚመራውን አምፕ ኢጂ የሚለውን አይደለም! አሁን ኖታው ቀጥ ብሎ ይነሳል፣ ርግብግቢቱ ቀስ በቀስ ይከተለዋል።

እዚህ ላይ አንድ ምሽት ሙሉ ጠፍቶብኛል። ይኸው ኢጂ ፊልተሩን (የድምፁን ድምቀት የሚቀንሰውን ክፍል) እና የሁለተኛውን ኦስሌተር (ድምፅ አመንጪ) ፒችም ይነዳል። የሁለቱን የኢጂ ኢንት ማዞሪያዎች መሃል ላይ ስላላቆምኩ ሁለተኛው ኦስሌተር ኖታ በጫንኩ ቁጥር እየተንሸራተተ ይወጣ ነበር፤ እኔ ግን መሣሪያው ከቅኝት ወጣ ብዬ ደጋግሜ አስተካክለው ነበር። አታኩን ከመንካታችሁ በፊት ሁለቱንም መሃል ላይ አቁሙ።

ለኮርድ (አብረው ለሚሰሙ ኖታዎች) ደግሞ ወደ ፖሊ (በአንድ ጊዜ ብዙ ኖታ) ተመለሱ፣ ኢጂ ሞዱን አጥፉ፣ ታርጌቱን ካትኦፍ (ፊልተሩ መቁረጥ የሚጀምርበት ነጥብ) አድርጉ፣ ሬቱን አንዱ መውጣትና መውረድ አሥር ሰከንድ ያህል እስኪፈጅ አዘግዩት። ከምቱ ጋር አታስሩት፤ ትዝታ ሲዘፈን ከበስተጀርባው እንደ ትንፋሽ ይሂድ። ስኩዌሩን ሞገድ እዚህ አልወደውም፤ ድምፁን ይቆራርጠዋል።

በመጨረሻ የሜሎዲውን ፕሮግራም ከማስቀመጣችሁ በፊት ዘፈኑን አብራችሁ ተጫወቱ። ፈጣን ኖታዎች ላይ ርግብግቢት ከተሰማ አታኩን ጨምሩ፤ የስንኙ መጨረሻ ላይ ስታርፉ ካልመጣ ደግሞ ቀንሱ።