የማሲንቆውን ጭራ ሳያጠፉ የድሮ የመድረክ ካሴትን አድሶ ዳግም ማሳተም

በደሴና በኮምቦልቻ ብዙ ቤቶች ውስጥ፣ በቡፌው መሳቢያ ከሠርግ ፎቶግራፎች ጋር ተቀምጦ፣ በመድረክ ላይ የተቀዳ የባህል ዘፈን ካሴት አይጠፋም። አምባሰልና ባቲ የቅኝት ስም ብቻ ሳይሆኑ በመኪና የሚደረስባቸው አገሮች በሆኑበት በወሎ፣ እንዲህ ያለውን ቅጂ አድሶ እንደገና ለማሳተም የሚነሣ ሰው ብዙ ነው። አብዛኛው ሰው ግን ሥራውን ከኮምፒውተሩ ይጀምራል፤ ከካሴቱ በትክክል ያልወጣውን ድምፅ ደግሞ የትኛውም ሶፍትዌር መልሶ አያመጣውም።

በመጀመሪያ የተሻለውን ቅጂ ይፈልጉ። ካሴት ከካሴት ሲገለበጥ በየጊዜው የራሱን ሽሽታ (ከዘፈኑ ሥር የሚሰማውን የ«ሽሽሽ» ድምፅ) እየጨመረና ቀጫጭኑን ድምፅ እያጣ ስለሚሄድ፣ የአንዱ ዝግጅት ሁለት ወይም ሦስት ቅጂ ከተገኘ ሁሉንም ማድመጥ ያስፈልጋል። ለማበላለጥ የሚያስቸግርዎ ከሆነ ዘፈኑን ትተው ጭብጨባውን ያድምጡ። ጭብጨባው በቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ የዝናብ ጠብታ ተለያይቶ ከተሰማ ቅጂው ለመጀመሪያው ቅርብ ነው፤ እንደ ወራጅ ውኃ ተቀላቅሎ ከተሰማ ግን በእጅዎ ያለው የቅጂ ቅጂ ነው።

ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ያለች፣ ጉም የማይለያት ከተማ በመሆኗ፣ ለዓመታት የተቀመጠ ካሴት በክሩ ጠርዝ ላይ ነጭ አቧራ የመሰለ ሻጋታ ሊያበቅል ይችላል። ይህን ካዩ ካሴቱን አያጫውቱት፤ ሻጋታው ወደ ማጫወቻው ከዚያም ወደ ሌሎቹ ካሴቶች ይተላለፋል። ንጹሕ የሆነውንም ቢሆን የሐረጎን ቁልቁለት ይዘውት ወርደው ኮምቦልቻ ላይ የሚሠሩ ከሆነ፣ ከብርድ ወደ ሙቀት የገባ ክር እርጥበት ሊይዝ ስለሚችል አንድ ቀን ያሳድሩት። ከዚያም ሁላችንም በልጅነታችን በእስክሪብቶ እንዳደረግነው፣ የላላውን ክር በእጅ ሰብስበው ካጠበቁ በኋላ፣ በማጫወቻው አንድ ጊዜ ከዳር እስከ ዳር ያጠንጥኑት።

የማጫወቻውን ሄድ (ክሩን እየነካ ድምፁን የሚያነብበውን ክፍል) እና ክሩን የሚስበውን ጎማ ያጽዱ፤ ለሄዱ አልኮልና ጥጥ ይበቃል። ብዙ ሰው የሚዘለው ነገር ግን የሄዱ ዝንባሌ ነው። ከሄዱ ጎን ያለችው ትንሽ ስክሩ ሄዱ ለክሩ ቀጥ ብሎ መቆሙን የምትወስን ሲሆን፣ ቅጂው በሌላ ማሽን የተቀዳ በመሆኑ ለእያንዳንዱ ካሴት መስተካከል አለባት። ግራና ቀኙን ድምፅ አንድ ላይ ቀላቅለው እያደመጡ ስክሩዋን በጣም በዝግታ ሲያዞሩ፣ ታፍኖ የነበረው የክራር ምት በድንገት ብሩህ የሚሆንበት ቦታ ይገኛል፤ እዚያ ላይ ይቁሙ።

ወደ ኮምፒውተሩ ሲቀዱ የቅጂውን ጥራት በ24 ቢት እና ቢያንስ በ48 ኪሎኸርዝ ላይ ያድርጉት። እልልታ ሳይታሰብ ስለሚፈነዳ ከፍተኛው ድምፅ በሶፍትዌሩ መለኪያ ላይ ከዜሮ በታች 6 ዲሲቤል አካባቢ እንዲቀር አድርገው፣ እያንዳንዱን ገጽ ሳያቋርጡ በዌቭ ፋይል ይቅዱ፤ ይህን ያልተነካ ፋይል በሁለት ቦታ አስቀምጠው በግልባጩ ላይ ብቻ ይሥሩ።

ፍጥነቱን ማስተካከል የዚህ ሥራ እጅግ ደስ የሚለኝ ክፍል ነው። ማጫወቻው በ3 በመቶ ቢፈጥን ድምፃዊቷ በፒያኖ ላይ የሁለት ተጎራባች ቁልፎችን ልዩነት ግማሽ ያህል ከፍ ብላ ትሰማለች፤ ክራሩ ደግሞ የሚቃኘው በዘፋኙ ድምፅ ልክ ስለሆነ፣ ትክክለኛው ከፍታ የትኛው እንደ ነበር ከመሣሪያው ማወቅ አይቻልም። የሚያስታርቀን ሁላችንም የምንጠላው የመብራት ጉርምርምታ፣ ማለትም የኤሌክትሪክ መስመሩ በቅጂው ውስጥ የሚተወው ወፍራም ድምፅ ነው። የአገራችን መብራት 50 ኸርዝ በመሆኑ፣ በመድረኩ ላይ የተቀዳው ጉርምርምታ በኮምፒውተሩ ላይ 51.5 ሆኖ ከታየ፣ ፋይሉን በ2.9 በመቶ በማዘግየት ወደ ቦታው መመለስ ይቻላል። ካሴቱ ቆሞም የሚሰማው ጉርምርምታ የራስዎ ማጫወቻ ስለሆነ ከዚህ ስሌት ያውጡት። ዝግጅቱ በጄኔሬተር የተካሄደ ከሆነም ይህ መለኪያ አይታመንም፤ ያን ጊዜ የአስተዋዋቂውን ንግግር፣ ሰውየውን በአካል ለሚያውቅ ሰው ያሰሙ።

ሽሽታውን በሚቀንሱበት ጊዜ እጅዎን ይሰብስቡ። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ካሴት ባደስኩበት ጊዜ ሽሽታውን እስከ መጨረሻው አጥፍቼ፣ በሥራዬ ኮርቼ፣ በዚያው መድረክ ላይ ማሲንቆ ይመቱ ለነበሩ አዛውንት አሰማኋቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው እስከ ግማሽ ካደመጡ በኋላ፣ «ልጄ፣ ጭራው የት ሄደ?» አሉኝ። የማሲንቆ ክሩም ደጋኑም የፈረስ ጭራ ነው፤ ጭራ ከጭራ ሲፋተግ የሚወጣው ሻካራ ድምፅ ከካሴት ሽሽታ ጋር አንድ አካባቢ ስለሚቀመጥ፣ ሶፍትዌሩ ሁለቱን መለየት ተስኖት አብሮ ይጠርገዋል። የዋሽንት ትንፋሽም እንዲሁ ነው። ስለዚህ የሽሽታውን ናሙና ከዘፈኖቹ መካከል፣ አዳራሹ ዝም ካለበት ቦታ ወስደው ከ4 እስከ 6 ዲሲቤል ብቻ ይቀንሱ። ኦዳሲቲን የመሰሉ ነፃ ሶፍትዌሮች የሚወገደውን ድምፅ ለብቻው ያሰማሉ፤ በዚያ ውስጥ የዘፈኑን ዜማ መከተል ከቻሉ ከሚገባው በላይ ቆርጠዋል።

ድምፁን ለማጉላት ሲሉ ዝቅታውንና ከፍታውን አንድ ልክ አያድርጉት፤ ትዝታ ቀስ ብሎ ተነሥቶ ከበሮው ሲገባ ሰው መነሣቱ መሰማት አለበት። «ይደገም!» የሚለውን ጩኸትም በዘፈኖቹ መካከል ይተዉት። ዘፈኖቹን ለየብቻ ሲከፍሉ የጭብጨባውን ጅራት ሳይቆርጡ፣ ተከታትለው ሲጫወቱ ክፍተት እንዳይፈጠር አድርገው ይለያዩዋቸው።

ከማተም በፊት ፈቃድ ያስፈልጋል። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 እና ማሻሻያው፣ የግጥምና የዜማ ደራሲውን፣ የከዋኙንና ድምፁን ያሳተመውን አካል መብት ለየብቻ ይጠብቃሉ፤ የደራሲው ኢኮኖሚያዊ መብት ከዕረፍቱ በኋላም ለ50 ዓመት ወራሾቹ ዘንድ ይቆያል። የሕዝብ ዜማ ነው ተብሎ የሚታለፈው ሥራ ግጥሙ ሰው ያለው ሊሆን ስለሚችል፣ ፈቃዱን በጽሑፍ ይያዙ።

በሽፋኑ ላይ የድምፃዊቷ ስም ብቻ ተጽፎ፣ የማሲንቆው፣ የክራሩና የከበሮው ተጫዋቾች የቀሩበት ካሴት ብዙ ነው። ብዙ ጊዜ ስማቸው የሚገኘው አስተዋዋቂው በሁለተኛው ገጽ ማለቂያ ላይ አንድ በአንድ ሲጠራቸው ነው፤ አብዛኛው አዳሽ ደግሞ ንግግር ነው ብሎ መጀመሪያ የሚቆርጠው ይህንኑ ክፍል ነው። ደጋግመው አድምጠው ይጻፉት፤ በጭብጨባው የተዋጠውን ስም ከተጫዋቾቹ አንዱን ወይም ቤተሰባቸውን ጠይቀው ያሟሉና በአዲሱ ሽፋን ላይ ያትሙት።