ሱቅ ዘግቶ መጥፋት ኪሳራ ማስታወቅ አይደለም

ደሴ ላይ በንግድ ጉዳይ የምሠራ ጠበቃ ነኝ። ከ2014ቱ ጦርነት ወዲህ በዕዳ ተጨንቆ የሚመጣ ነጋዴ በዝቷል። ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ሱቁና መጋዘኑ ተዘርፎበት በብድርና በዱቤ እንደገና የተነሳ ሰው ብዙ ነው። ለዚያ ጉዳት ተጠያቂው እሱ አይደለም። የሚያንገበግበኝ ከዚያ በኋላ የሚሠራው ነው። መትረፍ ይችል የነበረ ንግድ በተሳሳተ እርምጃ ሲፈርስ ደጋግሜ አይቻለሁ።

በውጭ አገር ዘመድ ምክር ልጀምር። አሜሪካ ያለ ወንድም ይደውልና «ኪሳራ ፋይል አድርግ፣ ዕዳህ ይሰረዝልሃል» ይላል። በቅንነት ነው የሚመክረው። እዚያ ተራ ደሞዝተኛም «ቻፕተር 7» ወይም «ቻፕተር 13» በሚባለው መንገድ ማመልከት ይችላል። የማን መዝገብ እንደተከፈተም «ፔሰር» በሚባል የፌዴራል ፍርድ ቤቶች ድረ ገጽ በስም ተፈልጎ ይገኛል። የእኛ ሕግ ሌላ ነው። በንግድ ሕጉ፣ በአዋጅ ቁጥር 1243/2013 ሦስተኛ መጽሐፍ የተደነገገው የኪሳራ ሥርዓት ለነጋዴና ለንግድ ማኅበር ነው። ብድር የከበደው መምህር ወይም ነርስ በዚህ መንገድ አይሄድም። ለነጋዴውም ቢሆን ማመልከቻ ስላስገባ ብቻ ዕዳው አይሰረዝም። አንድ የኮምቦልቻ ደሞዝተኛ ይህን ምክር አምኖ መጥሪያ ሲደርሰው ሳይቀርብ ቀረ። ጉዳዩ በሌለበት ታይቶ ተፈረደበት። ቀርቦ ቢሆን ኖሮ በየወሩ እየከፈለ ለመጨረስ መደራደር ይችል ነበር።

የ1952ቱን የንግድ ሕግ ፎቶ ኮፒ ይዘው የሚመጡም አሉ። የኪሳራው ክፍል በ2013 ተተክቷል። አዲሱን አንብቡ።

ወረዳ ፍርድ ቤት ሄዶ ማመልከትም ቀን ማባከን ነው። የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ የኪሳራን ጉዳይ የሰጠው ለከፍተኛ ፍርድ ቤት ነው። የደቡብ ወሎ ዞን ከፍተኛ ፍርድ ቤት ደግሞ እዚሁ ደሴ ነው። ማኅበራችሁ የተመዘገበው በፌዴራል መሥሪያ ቤት ከሆነ ግን ሥልጣኑ ሊለይ ስለሚችል መዝገብ ከመክፈታችሁ በፊት ጠይቁ።

አሁን አንድ ሰው ዕዳ ወይም ኪሳራ እንዳለበት ከመዝገብ ወደ ማጣራቱ ልምጣ። ንግድ ልትገዙ ወይም ብዙ ዕቃ በዱቤ ልትሰጡ ስትሉ «ይህ ሰው ከስሯል ወይ? ዕዳ አለበት ወይ?» ብሎ ማጣራት ተገቢ ነው። ስህተቱ አንድ ቢሮ ብቻ ጠይቆ መመለስ ነው። ንግድ ጽሕፈት ቤት የሚነግራችሁ ስለ ምዝገባውና ስለ ፈቃዱ ነው። ስለ ክስና ስለ ፍርድ የሚያውቀው የፍርድ ቤቱ ሬጅስትራር ነው። የቤት ዕዳና እግድ ማዘጋጃ ቤት፣ የመኪናው መንገድ ትራንስፖርት ይጣራል። ለማሽንና ለሌላ ተንቀሳቃሽ ንብረት በአዋጅ ቁጥር 1147/2011 መሠረት ብሔራዊ ባንክ የሚያስተዳድረው የዋስትና መዝገብ አለ። የሐራጅና የፍርድ ቤት ማስታወቂያ ደግሞ በ«በኩር» እና በ«አዲስ ዘመን» ጋዜጦች ይወጣል፤ የቆዩ እትሞችን ማገላበጥ አይሰልቻችሁ።

አንድ ሰው ሰኞ ገበያ አካባቢ ወፍጮ ቤት ገዛ። ፈቃዱ የታደሰ ነው፣ ሻጩም ሰፈሩ የሚያውቀው ሰው ነው። ወፍጮው ግን ለብድር መያዣ ሆኖ ተመዝግቦ ነበር። ገዢው ከፍሎ ከጨረሰ በኋላ አበዳሪው መጣበት።

ስትፈልጉ በታፔላው ስም አትፈልጉ። ታፔላ ላይ ያለው ስም ምዝገባው ላይ ላይኖር ይችላል። ሰይድና መሐመድ በበዙበት ከተማ የአያት ስም ሳይያዝ የሚደረግ ማጣራትም ማጣራት አይባልም። የንግድ ምዝገባ ቁጥሩን ወይም ቲን ቁጥሩን ያዙ። በስም መመሳሰል ብቻ ምንም የሌለበት ሰው ዱቤ ሲከለከል አይቻለሁ። ያሳዝናል።

አንድ ዓመት ስለከሰረ ብቻ ኪሳራ ይወሰንልኝ ብሎ የሚመጣም አለ። ፍርድ ቤቱ የሚመረምረው ጊዜው የደረሰ ዕዳ መክፈል አቁመሃል ወይ የሚለውን ነው። ሒሳባችሁ በኪሳራ ቢዘጋም ዕዳችሁን እየከፈላችሁ ከሆነ ቦታችሁ ሌላ ነው። የሒሳብ መዝገባችሁ ተቀባይነት ካገኘ የገቢ ግብር አዋጁ የዓመቱን ኪሳራ ከሚቀጥሉት ዓመታት ትርፍ ላይ ለመቀነስ እስከ 5 ዓመት ለማሸጋገር ይፈቅዳል። አዲሱ የንግድ ሕግም ከኪሳራ በፊት ሌላ መንገድ አስቀምጧል። ችግሩ ሲመጣ የታየው ነጋዴ ገና መክፈል ሳያቆም ከገንዘብ ጠያቂዎቹ ጋር ተደራድሮ ዕዳውን እንደገና ማደራጀት ይችላል። መክፈል ላቆመውም፣ ንግዱ ተስፋ ካለው፣ መልሶ ማደራጀት የሚባል ሥርዓት አለ። በጊዜ ኑ የምለው ለዚህ ነው። ሱቁ ባዶ ከሆነ በኋላ ምን ይደራጃል?

የዱቤ ደብተር ብቻ ይዞ መምጣትም አለ። በእርግጥ ከምንም ይሻላል። ፍርድ ቤት ግን ማን ስንት ይጠይቃችኋል፣ እናንተ ከማን ስንት ትጠይቃላችሁ፣ በእጃችሁ ምን ንብረት አለ የሚለውን በዝርዝር ይፈልጋል። መዝገባችሁ በጦርነቱ ተቃጥሎ ከሆነ ተስፋ አትቁረጡ። ከባንክ ስቴትመንት፣ ለገቢዎች ካስገባችሁት የግብር ማስታወቂያ፣ ከአቅራቢዎቻችሁ ደረሰኝ ብዙውን መልሶ ማቋቋም ይቻላል። አድካሚ ሥራ ነው፣ ግን ይሆናል።

አሁን ትዕግሥቴን የሚያሳጣኝ ላይ ደረስኩ፤ ንብረትን ወደ ዘመድ ስም ማዞር።

ነጋዴው መክፈል ሲያቅተው መጀመሪያ የሚያስበው ስለ ቤቱ ነው። ለሚስቱ ወንድም «ይሸጠዋል»። አይሱዙውን ለታናሽ ወንድሙ በስጦታ ያስተላልፋል። የቀረውን ዕቃ ማታ ማታ ያወጣል። ሁሉንም ከጨረሰ በኋላ እኔ ጋ መጥቶ «ምንም የለኝም፣ ኪሳራ አስወስንልኝ» ይላል። እባካችሁ፣ ይህን አታድርጉ! ፍርድ ቤቱ የሚያየው ዛሬ ኪሳችሁ ውስጥ ያለውን ብቻ አይደለም። መክፈል ያቆማችሁበትን ቀን ወደኋላ ሄዶ ይወስናል። ከዚያ ወዲህ የተሰጠ ስጦታ፣ በወረደ ዋጋ የተደረገ ሽያጭ፣ ለአንዱ ዘመድ ብቻ ተለይቶ የተከፈለ ዕዳ ሊፈርስ ይችላል። ምንም የማያውቀው ወንድማችሁ ፍርድ ቤት ይቆማል። ገንዘብ ጠያቂን ለመጉዳት ንብረት መደበቅ በወንጀልም ያስከስሳል።

ሸርፍ ተራ የጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ የነበረ ሰው አውቃለሁ። ዕዳው ከባድ ነበር፣ ግን ስሙ ጥሩ ነበር። የመርካቶ አቅራቢዎቹ ጊዜ ሊሰጡት ተስማምተው ለፊርማ ቀን ቆርጠን ነበር። በዚያው ሳምንት መኪናው በወንድሙ ስም መዞሩን ሰሙ። አንዳቸውም አልመጡም። ስልክም አላነሱልኝም። መኪናው ቢሸጥ የዕዳውን ትንሽ ክፍል ነበር የሚሸፍነው። ያን ሰው ያከሰረው ዕዳው አይደለም፤ እምነት ማጣቱ ነው። ዛሬም ሳስበው ይቆጨኛል።

ቀን ለማራዘም ደረቅ ቼክ፣ ማለትም ባንክ ውስጥ በቂ ገንዘብ የሌለው ቼክ፣ መጻፍ ደግሞ የገንዘብን ችግር ወደ እስር ይለውጣል። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 693 እንደ ነገሩ ክብደት እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣል። የኪሳራ ማመልከቻ ከዚህ አያድናችሁም።

ለኮምቦልቻ ሠራተኞችም አንድ ነገር ልበል። የኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2009 ሲመረቅ ስንቱ ወጣት ተስፋ አድርጎ ነበር። ከጦርነቱም በተጨማሪ አገራችን በታኅሣሥ 2014 ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ ለመላክ ከሚያስችለው የአጎዋ ዕድል መውጣቷ ልብስ ወደ አሜሪካ የሚልኩ ፋብሪካዎችን ጎድቷል። ድርጅት ሲዘጋ ሠራተኛው «ከከሰረ ድርጅት ምን ይገኛል» ብሎ ወደ ቤተሰቡ ይመለሳል። ተሳስቷል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 የሠራተኛ ክፍያ ከሌሎች ዕዳዎች ቅድሚያ አለው። ድርጅት በኪሳራ ለዘለቄታው ሲዘጋ የሥራ ስንብት ክፍያም አለ፤ ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደሞዝ፣ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዓመት የዚያ ሲሶ፣ በጠቅላላው ከ12 ወር ደሞዝ ሳይበልጥ። በወር 3,000 ብር እያገኘች 4 ዓመት የሠራች ልጅ በዚህ ስሌት ብቻ 6,000 ብር ይደርሳታል ማለት ነው። ያልተከፈለ ደሞዝና ትርፍ ሰዓት ግን በ6 ወር ውስጥ ካልተጠየቀ በይርጋ ይታገዳል። የቅጥር ደብዳቤያችሁንና የደሞዝ ወረቀታችሁን አትጣሉ።

የእናንተ መክሰር ዋሳችሁን ነፃ አያወጣውም፤ ችግሩን ከባንክ ሳይሆን ከእናንተ ይስማ። ዕቁብም ዕዳ ነው። በልታችሁ ያልጨረሳችሁትን ዕቁብ ከዝርዝሩ አታስቀሩ። ሽማግሌ ይዞ መደራደር መልካም ነው፣ እኔም እደግፋለሁ። ስምምነቱ ግን በጽሑፍ ይሁን፣ ምስክሮች ይፈርሙበት፣ ሁሉም ገንዘብ ጠያቂ ይወቀው።

በመጨረሻ፣ ቁልፍ ቆልፎ አዲስ አበባ መግባት። ሱቁ ሲዘጋ ፈቃዱ አብሮ አይዘጋም። ለገቢዎች እስካላሳወቃችሁ ድረስ ግብሩ መቆጠሩን ይቀጥላል፣ ቅጣትና ወለድም ይከተለዋል። ከዓመታት በኋላ ሌላ ሥራ ልትጀምሩ ስትሉ በዚያው ቲን ቁጥር ላይ ተከምሮ ይጠብቃችኋል። ስለዚህ መጀመሪያ ገቢዎች ሄዳችሁ ንግዱ መቆሙን በጽሑፍ አሳውቁ፣ የግብር ዕዳ እንደሌለባችሁ የሚያረጋግጠውን ክሊራንስ ውሰዱ፣ ከዚያ ፈቃዱን ለንግድ ጽሕፈት ቤቱ መልሱ። የግብር ዕዳ ኖሮባችሁ ክሊራንስ ከተከለከላችሁ በየጊዜው ከፍላችሁ ለመጨረስ ማመልከት ትችላላችሁ። ማመልከቻውን ያስገባችሁበትን ቀን የሚያሳይ ማኅተም ያለበት ቅጂ ሳትይዙ ከቢሮው አትውጡ።