የልጆች ሐኪም ሆናችሁ በታዳጊዎች ሱስ ላይ መሥራት ለምትፈልጉ

በየዓመቱ አንድ ሁለት ሬዚደንቶች (በስፔሻሊቲ ሥልጠና ላይ ያሉ ሐኪሞች) ኮሪደር ላይ ያስቆሙኛል። «ዶክተር፣ የታዳጊዎች ሱስ ላይ መሥራት እፈልጋለሁ፤ ከየት ልጀምር?» ነው ጥያቄው። ቸርችል ጎዳና ዳር ማኪያቶ ይዘን ማውራት እንጀምራለን፣ ከዚያ የአንዳችን ስልክ ይጠራል፣ ተረኛ ስለሆንን ተያይዘን እንነሳለን፣ ወሬው ሁሌም መሀል ላይ ይቀራል። ስለዚህ የማውቀውን እዚህ ልጻፈው።

ብዙዎቻችሁ መጀመሪያ የምትጠይቁት ስለ ውጭ አገር ፌሎውሺፕ፣ ከስፔሻሊቲ በኋላ ስላለው ሥልጠና፣ ነው። እሱን በኋላ እመጣበታለሁ። መጀመሪያ የሚያስፈልጋችሁ በሩ የሚዘጋ አንድ ክፍልና በሳምንት አንድ ከሰዓት ነው። በዚህ ሙያ ሕክምናውም ምርምሩም የሚነሱት ከዚያው ክፍል ነው። ልጁን ብቻውን አስቀምጦ ያላናገረ ሐኪም የሚመረምረው ጥያቄ አይኖረውም።

ለምን እንዲህ እንደምል ልንገራችሁ። ጠቅላላ ሐኪም ሳለሁ አንዲት እናት የ15 ዓመት ልጇን ሦስት ጊዜ ይዛው መጣች። ጨጓራውን ያመዋል፣ ምግብ አይበላም፣ ሌሊት እየባነነ ይነሳል። የጨጓራ መድኃኒት ጻፍኩለት፣ ሰገራ አስመረመርኩት፣ መድኃኒት ቀየርኩለት። ሦስቱንም ጊዜ ያናገርኩት እናቱን ነው። በአራተኛው ቀጠሮ እሷ ላብራቶሪ ልትከፍል ወረፋ ስትይዝ ሁለታችን ብቻ ቀረን፣ እኔም ወሬ ለመጀመር ያህል «ሌሊት ምንድን ነው የሚያባንንህ?» አልኩት። «ዱካክ» አለኝ። ከስምንተኛ ክፍል ጀምሮ ጫት ይቅማል፣ ብር ያጣ ቀን ሳይቅም ያድራል፣ የዚያን ሌሊት ዱካኩ፣ ያ የሚያስጨንቅ ቅዠት፣ ይመጣበታል። ዱካክ የሚለውን ቃል ሰፈር ውስጥ እየሰማሁ ነው ያደግኩት፤ የሕክምና ምልክት ነው ብዬ ግን አስቤው አላውቅም ነበር። ሦስቱ ቀጠሮዎች በእኔ ጥፋት ባከኑ።

ቃሉን እወቁ

በርጫ (ተሰብስቦ ጫት መቃም)፣ ምርቃና (ጫቱ የሚሰጠው ስሜት)፣ ሐራራ (የጫት አምሮት)፣ ገራባ (የተራረፈ የጫት ቅጠል)፣ ጨብሲ፣ ማስቲሽ (የሚሳብ ሙጫ)። ልጆቹ እነዚህን ሲናገሩ ፊታችሁ እንዳይለወጥ፣ ትርጉሙንም እንዳትጠይቋቸው ቀድማችሁ እወቁት። ብዙ ነገር የያዙ ቃላት ናቸው። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን ቅጠሉ ሲጠወልግ ደካማ ወደሆነው ካቲን ይለወጣል፤ ቃሚው ትኩሱን የሚፈልገው፣ ጫትም በየቀኑ ወደ ከተማው የሚገባው ለዚህ ነው። «ገራባ ነው የምቅመው» የሚል ልጅ ስለ ኪሱም እየነገራችሁ ነው። ጨብሲ ምርቃናውን በመጠጥ መስበር ስለሆነ ደግሞ «ትቅማለህ?» ብላችሁ «ከዚያስ ትጠጣለህ?» የሚለውን ከዘለላችሁ የታሪኩን ግማሽ ብቻ ነው የያዛችሁት።

መጠን ስትጠይቁ «ስንት ዙርባ?» በሚለው አትርኩ። የአንዱ ዙርባ፣ ማለትም የጫት እስር፣ ከሌላው እኩል አይደለም፣ ለአራት ተካፍለውት ሊሆንም ይችላል። ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት፣ በሳምንት ስንት ቀን፣ ከማን ጋር፣ ብሩ ከየት እንደሚመጣ ጠይቃችሁ ጻፉ።

ማስቲሽ ላይ የልጆች ሐኪም መሆናችሁ በጣም ይጠቅማል። ከስታዲየም እስከ ፒያሳ ጎዳና ላይ የሚያድሩ ልጆች ሲስቡት ሁላችንም አይተን አልፈናል። ቶሉዪን ያለበትን ሙጫ አዘውትሮ የሚስብ ልጅ ኩላሊቱ ፖታሲየም ይጥላል፣ ጡንቻው ይዝላል፣ እግሩ ከድቶት ጓደኞቹ ተሸክመው ያመጡታል። ፖታሲየሙን ሳታዩ «ሰክሯል» ብላችሁ አትመልሱት። ልብ በድንገት የሚቆምበትም ጊዜ አለ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የሳበ ልጅ ላይ እንኳ። በተለይ ሲደነግጥ ወይም ሲሮጥ አደጋው ይብሳል፤ ስለዚህ ስቦ የመጣ ልጅ ላይ ማንም እንዳይጮህበት፣ ጥበቃውም እንዳያባርረው ቀድማችሁ ንገሩ።

በሩ ከተዘጋ በኋላ

እናትየውን በጨዋ ደንብ አስወጧት። «እናቴ፣ ታዳጊዎችን ሁሉ ለትንሽ ጊዜ ብቻቸውን ነው የማናግረው፤ እባክዎ ውጭ ይጠብቁን።» ለሁሉም አድርጉት፣ ጉንፋን ይዞት ለመጣውም ጭምር፤ ለተጠረጠረው ብቻ ካደረጋችሁት ልጁም እናቱም ወዲያው ይገባቸዋል። ከዚያ ለልጁ ድንበሩን ቀድማችሁ አስረዱት። «የምትነግረኝ እዚሁ ይቀራል። ራስህን ወይም ሌላ ሰው ልትጎዳ ካሰብክ፣ ወይም አንተን የሚጎዳህ ሰው ካለ ግን ብቻዬን አልይዘውም፤ ለማን እንደምናገርም መጀመሪያ ለአንተ እነግርሃለሁ።» ይህን ሳትሉ አትጀምሩ። ከተናገረ በኋላ የሚሰማው ድንበር ክህደት ይመስለዋል።

ጥያቄውን ከቤት ጀምሩ፣ ወደ ትምህርት እለፉ፣ ከዚያ ትርፍ ጊዜው፣ ከዚያ መጠጥና ዕፅ፣ ከዚያ ወሲብ፣ ከዚያ ራስን የማጥፋት ሐሳብ። ቀላሉ ይቀድማል፣ ከባዱ ይከተላል።

ለሱሱ ራሱ ክራፍት (CRAFFT) የሚባለውን መጠይቅ ልመዱ። የቦስተን የሕፃናት ሆስፒታል ሐኪም የነበረው ጆን ናይትና ባልደረቦቹ በ1999 እ.ኤ.አ. ያወጡት ነው፤ እሱም እንደ እናንተ የልጆች ሐኪም ነው። ስድስት አጫጭር ጥያቄዎች አሉት፣ ሁለትና ከዚያ በላይ «አዎ» ካገኛችሁ በጥልቀት መመርመር አለባችሁ። ግን ወደ አማርኛ መልሳችሁ እንዲያው አትጠቀሙበት። እዚህ ቦታ ነው ሥራ የሚጠብቃችሁ። አንደኛው ጥያቄ ለመዝናናት፣ ስለራስ ጥሩ ስሜት እንዲሰማ ወይም ከሌሎች ጋር ለመመሳሰል ትጠቀማለህ ወይ ይላል፤ የእኛ ልጅ ግን «ለጥናት ነው የምቅመው» ይላችኋል፣ መልሱም «አይ» ሆኖ ይመዘገባል። ሌላው ብቻህን ሆነህ ተጠቅመህ ታውቃለህ ወይ ይላል፤ በርጫ ደግሞ የወግ ነው፣ ብቻውን የሚቅም ልጅ ሲገኝ ከቦስተኑ የተለየ ትርጉም ሊኖረው ይችላል። ከሁሉ በላይ «ዕፅ ትጠቀማለህ?» ሲባል ጫት ዕፅ ነው ብሎ የማያስብ ልጅ ሳይዋሽ «አልጠቀምም» ይላል። ጫትን በስሙ ጥሩ፤ ሺሻንም፣ ትራማዶል የሚባለውን የሕመም ማስታገሻም በስማቸው ጥሩ።

ስለ ሕክምናው በአጭሩ። ለጫት የተፈቀደ መድኃኒት የለም፣ ስለዚህ ዋናው መሣሪያችሁ ንግግር ነው። ልጁ ራሱ ለመለወጥ የሚፈልግበትን ምክንያት ከአፉ ማውጣት ትማራላችሁ፤ ይህ በሥልጠናና በልምምድ የሚመጣ ችሎታ ነው፣ ምክር ከመስጠት ጋር አታምታቱት። ትራማዶል አዘውትሮ የሚወስድ ልጅን «ዛሬውኑ አቁም» አትበሉ፣ የሚጥል በሽታ እንደሚያስነሳም አስታውሱ፣ ከሳይካትሪስት ጋር ተመካከሩ። ድብርቱንና ጭንቀቱን ሳታክሙ ሱሱ ብቻውን አይለቅም። የዓለም ጤና ድርጅት ከ2010 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያወጣው የኤምኤች ጋፕ (mhGAP) የአእምሮ ጤና መመሪያ በነፃ ይገኛል፣ ስለ አልኮልና ዕፅ ምዕራፍ አለው፣ ከዚያ ጀምሩ። አማኑኤል የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል ሄዳችሁም የሳይካትሪ ባልደረቦችን በአካል ተዋወቁ። ስልኩን የምታውቁት ሐኪም ጋር የተላከ ልጅ ወረቀት ብቻ ይዞ ከሄደው ልጅ የተሻለ ይደርሳል።

ምርምሩ ከየት ይመጣል

ከመዝገባችሁ። የመጀመሪያው ከሰዓት ላይ አንድ ገጽ ቅጽ አዘጋጁ፦ ዕድሜ፣ ክፍል፣ ምን ይጠቀማል፣ ስንት ቀን፣ ማን አመጣው፣ ምን ተደረገለት፣ በቀጠሮው መጣ ወይ። ስም አይኑርበት፣ ቁጥር ብቻ።

አሁን ግልጽ ልናገር። በየዩኒቨርሲቲው «ስርጭቱና ተያያዥ ምክንያቶቹ» የሚል ርዕስ ያላቸው የአንድ ጊዜ ጥናቶች በብዛት አሉ። ትምህርት ቤት ገብቶ መጠይቅ በትኖ መውጣት ስለሚቀል ይመስለኛል። እኔ የምፈልገው ግን የታከመው ልጅ ከሦስት ወር በኋላ፣ ከስድስት ወር በኋላ የት እንዳለ የሚነግረኝ ሰው ነው። ትምህርት ቤት የማይሄደውን ልጅም የሚቆጥርልኝ። 20 ልጆችን ብቻ ይዛችሁ ስድስት ወር ሙሉ ከተከተላችሁ በእኔ ሚዛን ከሺህ መጠይቅ ይበልጣል። ሁለተኛው ጥሩ ሥራ ክራፍትን ማላመድ ነው፦ ተርጉሙ፣ ሌላ ሰው መልሶ ይተርጉመው፣ ከልጆቹ ጋር ጥያቄ በጥያቄ ቁጭ ብላችሁ «ይሄ ለአንተ ምን ማለት ነው?» በሉ፣ በመጨረሻም ውጤቱን ሳይካትሪስት በዲኤስኤም 5 (የአሜሪካ ሳይካትሪ ማኅበር የምርመራ መመሪያ) መስፈርቶች ከሚሰጠው ምርመራ ጋር አስተያዩ። ይሄ ብቻውን የአንድ ሬዚደንት መመረቂያ ጽሑፍ ይወጣዋል።

የሥነ ምግባር ኮሚቴው የሚያቆማችሁ ቦታ ስምምነቱ ነው። ከ18 ዓመት በታች ላለ ልጅ የወላጅ ፈቃድና የልጁ የራሱ እሺታ ይጠየቃል። ግን ወላጅ የሚፈርምበት ወረቀት ላይ «ጫት የሚቅሙ ልጆች» ተብሎ ከተጻፈ የልጁን ምስጢር አወጣችሁት ማለት ነው። ስለዚህ ርዕሱን «የታዳጊዎች ጤና» በሚል ሰፋ አድርጉት፣ ይዘቱን ግን ሳትደብቁ አስረዱ። ወላጅ የሌላቸውን የጎዳና ልጆች ማን እንደሚወክላቸው፣ ራሱን ሊያጠፋ ያሰበ ልጅ ብታገኙም በዚያው ቀን ምን እንደምታደርጉ ቀድማችሁ ጻፉ። ያኔ ኮሚቴው ሳይጠይቃችሁ መልሱን ያገኛል። ለትምህርት ቤትና ለክፍለ ከተማ የድጋፍ ደብዳቤ ጊዜ ይፈጃል፣ ሁለት ወር ቀድማችሁ ጀምሩ።

ስታሳትሙ ከ1962 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚወጣውን የኢትዮጵያ ሜዲካል ጆርናልን አትርሱት። «በሳምንት ውስጥ እናትማለን፣ ክፈሉ» የሚል ኢሜይል ሲመጣ ሰርዙት። መዝገቡን የያዘችው ነርስ ስም ጽሑፉ ላይ ይውጣ። ከረዳት ፕሮፌሰር ወደ ተባባሪ ለማደግ ጽሑፍ ይቆጠራል፣ እውነት ነው፤ ግን ለቁጥሩ ብላችሁ አንዱን መረጃ አራት ቦታ አትቆራርጡት።

ፌሎውሺፑ

አሜሪካ ውስጥ የልጆች ሐኪም የአፍላ ወጣቶች ሕክምናን በሦስት ዓመት፣ የሱስ ሕክምናን በአንድ ዓመት ፌሎውሺፕ ይማራል። የሱስ ሕክምና እዚያም ራሱን የቻለ ንዑስ ስፔሻሊቲ ሆኖ በይፋ የታወቀው በ2016 እ.ኤ.አ. ነው፣ ገና ነው። ለመግባት ግን የአገሩን ፈተናዎች፣ ብዙ ጊዜም የአገሩን ሬዚደንሲ ይጠይቃል። ዕድሉ ካለ ሂዱ። ለሦስት ወር ታዛቢ ሆናችሁ መሄድ ብቻ ቢሆንም ይጠቅማል። ጥያቄ ይዛችሁ ሂዱ ነው የምለው፤ ሁለት ዓመት ክሊኒክ የያዘ ሰው ምን መማር እንደሚፈልግ ያውቃል።

አንድ ነገር ቀረኝ። ያ የ15 ዓመት ልጅ ከዚያ በኋላ ጥቂት ወራት መጣልኝ፣ ዱካኩም ቀለለት፣ ከዚያ ጠፋ። የነበረኝ ስልክ የእናቱ ብቻ ነበር፣ እሷ ጋር ደውዬ ምን እንደምል አላወቅኩም፣ ምክንያቱም ልጁን አስፈቅጄው አላውቅም። አሁን ቅጼ ላይ ከቀጠሮው ቀን አጠገብ አንድ ዓምድ አለ። ልጁን ገና በመጀመሪያው ቀን እጠይቀዋለሁ፦ «ብትቀርብኝ በየትኛው ስልክ ልደውል? ማን ያነሳዋል? ምን ብዬ ልጠይቅ?» መልሱን እሱ እንዳለው፣ ቃል በቃል ጻፉት።