የበጋ ሰዓት ሲቀየር ሰዓትና ኮምፒውተር አስተካከል

በአብዛኛው አሜሪካ የበጋ ሰዓት (ዴይላይት ሴቪንግ ታይም) በማርች ሁለተኛ እሑድ ይጀምርና በኖቬምበር የመጀመሪያ እሑድ ያበቃል። ሲጀምር አንድ ሰዓት ወደፊት፣ ሲያበቃ ወደኋላ ነው።

ኮምፒውተር ላይ ሰዓቱን በእጅ አይቀይሩ። ሴቲንግ ውስጥ የሰዓት ክልሉን በከተማዎ ስም ይምረጡና አውቶማቲክ ማስተካከያውን ያብሩ። ብዙዎች ሰዓቱ ልክ እንዲመስል የሌላ አገር ክልል ይመርጣሉ፤ ያን ጊዜ የካላንደር ቀጠሮዎች ሁሉ ይዛባሉ።

በማርች ለውጥ ሌሊት፣ በአሜሪካ ሰዓት አቆጣጠር፣ 02:30 የሚባል ሰዓት የለም፤ በኖቬምበር ደግሞ 01:30 ሁለት ጊዜ ይመጣል። በእነዚህ ሰዓቶች የተቀጠረ ባክአፕ (የፋይሎች መጠባበቂያ ቅጂ) ሊዘለል ወይም ሊደገም ስለሚችል ወደ 04:00 ይውሰዱት።

የሚደውል ባለ ፔንዱለም የግድግዳ ሰዓት ካለዎት እጆቹን ወደኋላ አያዙሩ፤ የደወሉ ክፍል ሊጎዳ ይችላል። በኖቬምበር ፔንዱለሙን ለአንድ ሰዓት አቁመው መልሰው ያወዛውዙት።