የቆሮሶ ዓሣ ቅርፊት አትድፉ፣ ኮላ ይወጣዋል

ሀዋሳ አሞራ ገደል ዓሣ ገበያ ጠዋት የሄደ ሰው ያውቀዋል፣ ልጆቹ ቆሮሶውን እየላጡ ፊሌቶ ሲያወጡ አባ ኮዳዎቹ (ትልልቆቹ ወፎች) ዙሪያውን ቆመው አንጀቱን ይጠብቃሉ፣ ቅርፊቱን ግን ዞር ብሎ የሚያየው የለም። እሱ'ኮ ከፊሉ ኮላጅን የሚባለው፣ ቆዳና አጥንት ውስጥ ያለው ፕሮቲን ነው፣ ሌላው እንደ አጥንት ያለ ካልሲየም። ኮላጅኑ በሙቅ ውሃ ሲፈታ ጄላቲን ይሆናል (ሲቀዘቅዝ የሚረጋው ነገር)፣ ሲደርቅ ደግሞ የእንጨት ኮላ። (አምባዛ እንዳታመጡ፣ ቅርፊት የለውም።)

ቅርፊቱን በጨውና በቀዝቃዛ ውሃ ውሃው እስኪጠራ እጠቡት፣ እዚህ ጋ የሰነፈ ሰው ቤቱ ሳምንት ይሸተዋል። ከዛ በላስቲክ ባልዲ አድርጋችሁ እስኪሸፈን አቼቶ ጨምሩበትና ይደር። ጠዋት አንዷን አንስታችሁ እጠፏት፣ ቀጭ ካለች ገና ነው፣ አቼቶውን ቀይሩት፣ እንደ ላስቲክ ከተለመጠች ካልሲየሙ ወጥቷል ማለት ነው። ሽታው እስኪጠፋ አለቅልቁት።

አሁን ዋናው ነገር፣ እንዳታፈሉት! እኔ መጀመሪያ ቶሎ ይድረስ ብዬ እንደ ሾርባ ሳንተከትከው ዋልኩ፣ ፍሪጅ አድሮ እንኳን አልረጋም፣ ሲደርቅ ወረቀት በቅጡ አይዝም። ሙቀቱ ሲበዛ ጄላቲኑ ተቆራርጦ ጉልበቱን ያጣል። ቅርፊቱን ከውሃ ጋር ትንሽ ድስት ውስጥ አድርጉ፣ እሱን ውሃ ባለበት ትልቅ ድስት ውስጥ አስቀምጡና ከ60 እስከ 70 ዲግሪ ለ4 ሰዓት ያህል አቆዩት፣ መለኪያ ከሌለ እንፋሎት እያለው ግን አረፋ ሳያወጣ። ውሃውን በሻሽ አጥሉት። ፍሪጅ ሲያድር እንደ በግ እግር መረቅ ከረጋ ተሳክቷል፣ ውጪ አስቀምጣችሁ አልረጋም ብላችሁ ተስፋ አትቁረጡ፣ የዓሣ ጄላቲን ሞቅ ሲለው ይፈታል።

የረጋውን ሳሳ አድርጋችሁ ላስቲክ ያነጠፋችሁበት ትሪ ላይ ነፋስ ያለበት ጥላ ውስጥ አድርቁት፣ እንደ መስታወት ሲሰበር ደርሷል። ስትፈልጉ ትንሽ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ አርሳችሁ በሙቅ ውሃ ላይ አቅልጡና እንጨቱን ለቅልቃችሁ እሰሩት፣ አንድ ቀን ይቆይ። ውሃ የሚነካው ዕቃ ላይ ግን አይሆንም፣ ይለቃል።

ሌላ ደግሞ 10 ግራም የደረቀውን በ100 ሚሊ ውሃ አቅልጣችሁ 2 ወይ 3 ሚሊ ግሊሰሪን ብትጨምሩና ትሪ ላይ ብታፈሱት የሚተጣጠፍ ላስቲክ መሳይ ነገር ይወጣል፣ ግሊሰሪን ካልገባ ይሰነጣጠቃል። ብራዚል ፎርታሌዛ ውስጥ ሐኪሞች የቆሮሶ ቆዳን ለቃጠሎ ቁስል መሸፈኛ ተጠቅመውበታል፣ ያ ግን በላብራቶሪ ጀርሙ የጠፋለት ነው፣ ከባልዲ አውጥታችሁ ቁስል ላይ እንዳትለጥፉ አደራ።