ጃምፕ ስታርተር ተገጥሞም መኪናው አልነሳ ሲል፦ ምልክቱ፣ መንስኤው፣ መፍትሄው

ሜክሲኮ ወይም ካዛንቺስ አካባቢ፣ ሕንፃ ሥር ባለ ፓርኪንግ ውስጥ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ የቆመ ቪትዝ ባትሪው ከወደቀ ካቦ ይዞ የሚረዳ ሌላ መኪና ሞተሩ አጠገብ አይደርስም። መግፋትም አያዋጣም፤ አውቶማቲክ ካምቢዮ ያለው መኪና ተገፍቶ አይነሳም። ጃምፕ ስታርተር፣ ማለትም ያለ ሌላ መኪና እርዳታ ሞተር የሚያስነሳ የሊቲየም ባትሪ ሳጥን፣ መኪና ውስጥ መያዝ የሚጠቅመው ለእንዲህ ያለ ቦታ ነው። «ገዛሁት፣ አልሠራም» ሲባል ግን ዕቃው የተበላሸበት ጊዜ ጥቂት ነው። ችግሩ ወይ ሳጥኑ ኃይል አንሶታል፣ ወይ መቆንጠጫው ከባትሪው ጋር በደንብ አልተነካካም፣ ወይ ጥፋቱ ከነጭራሹ የባትሪው አይደለም። ሦስቱን ለመለየት ጆሮና አንድ ርካሽ መልቲሜትር (የቮልትና የአምፔር መለኪያ) ይበቃሉ።

መለኪያውን ለማንበብ እነዚህን ቁጥሮች ይያዙ። ሞተሩ ጠፍቶ ጥቂት ሰዓት ያረፈ ባትሪ 12.6 ቮልት ካሳየ ሙሉ ነው፤ 12.2 ላይ ግማሽ ገደማ ቀርቶታል፤ 11.8 እና ከዚያ በታች ባዶ ነው። ቁልፉ ዞሮ ሞተሪኖው (ሞተሩን የሚያዞረው ማስነሻ) ሲሠራ ቮልቱ ከ9.6 በታች ከወረደ ባትሪው ደክሟል።

መቆንጠጫዎቹ ተይዘዋል፣ አረንጓዴው መብራት ግን አይበራም

መጀመሪያ የገመዱን ሶኬት ይመልከቱ። ወደ ሳጥኑ የሚገባው ወፍራም ሶኬት ጠንካራ ነው፤ የገባ እየመሰለ ግማሽ መንገድ ላይ ይቀራል። እስከ መጨረሻው ይግፉት።

ሶኬቱ ደህና ከሆነ መንስኤው አብዛኛውን ጊዜ ባትሪው ከመጠን በላይ መውደቁ ነው። ገመዱ ላይ ያለችው ትንሽ መቆጣጠሪያ ኃይል ከመልቀቋ በፊት የመኪናውን ባትሪ ቮልት ታነባለች። መብራት በርቶበት አድሮ 2 ወይም 3 ቮልት ብቻ የቀረው ባትሪ ሲገጥማት ምንም ነገር እንዳልተገናኘ ትቆጥረዋለች። «ቡስት» የሚል ቁልፍ የተሠራው ለዚህ ነው። ቡስትን ከመጫንዎ በፊት ቀዩ በመደመር፣ ጥቁሩ በመቀነስ መያዙን በእጅ ባትሪ ብርሃን ሁለት ጊዜ ያረጋግጡ። በአብዛኞቹ ሞዴሎች ቡስት ሲጫን መከላከያው ሥራውን ያቆማል፤ ሽቦው ተገልብጦ ቢሆን የሚከለክል የለም፣ ሁለቱ መቆንጠጫዎች ቢነካኩም ብልጭታው ከባድ ነው። ባትሪ ጋዝ ስለሚያወጣ አጠገቡ ሲጋራ አይለኮስም። የተበላሸ እንቁላል የሚመስል ሽታ ካለ፣ ወይም ባትሪው ካበጠ፣ ጨርሶ አይሞክሩት።

መብራቱ አረንጓዴ ነው፤ ቁልፉ ሲዞር «ቀጭ» ብሎ ዝም ይላል፣ ወይም ሳጥኑ ራሱ ይጠፋል

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። አረንጓዴ መብራት ቮልት መኖሩን እንጂ 150 አምፔር ማለፍ መቻሉን አይናገርም። የመቆንጠጫው ጥርስ ነጭ ወይም አረንጓዴ ዱቄት የያዘ ተርሚናል ላይ፣ ወይም ከእርሳሱ (ከተርሚናሉ ብረት) ይልቅ ብሎኑ ላይ ከተቀመጠ፣ መብራቱ ይበራል፣ ኃይሉ ግን አያልፍም። መቆንጠጫውን ግራና ቀኝ እያወዛወዙ ጥርሱ እርሳሱን እንዲነክስ ያድርጉ። ጥቁሩን ሞተሩ ላይ ቀለም ያልነካው ወፍራም ብረት ላይ ማድረግም ይቻላል፤ የመቀነስ ተርሚናሉ ከተበላ ይህ ይሻላል።

ደጋግሞ የሚያስቸግር ከሆነ ተርሚናሉን በ10 ቁጥር ቁልፍ ፈትተው (መቀነሱ ቀድሞ ይፈታል፣ ኋላ ይታሰራል) በሙቅ ውኃና በቤኪንግ ሶዳ ያጥቡት፣ በብርጭቆ ወረቀት ይፈትጉት፣ ደርቆ ሲታሰር ቫዝሊን ይቀቡት። የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው፤ አዲስ ባትሪ ከመግዛት የሚያድንበት ጊዜ ብዙ ነው።

ሙከራው ልክ ይኑረው። ሬዲዮ፣ መብራትና ማሞቂያ ይጥፉ፤ ቁልፉን ከ3 እስከ 5 ሰከንድ ብቻ ያዙሩ፤ በመካከል ቢያንስ 30 ሰከንድ ያሳርፉ። ሦስት አራት ጊዜ ተሞክሮ ካልሆነ ይተዉት። ገመዱ የሚሞቀውም ሳጥኑ ራሱን የሚያጠፋውም በዚህ ነው።

ተርሚናሉ ንጹህ፣ ሳጥኑ ሙሉ ሆኖ «ቀጭ» ብቻ ከሆነ ወይ ሞተሪኖው አልቋል፣ ወይ ባትሪው ውስጥ አንዱ ክፍል ተቃጥሏል። እንዲህ ያለ ባትሪ ቻርጅ ተደርጎም 10.5 ቮልት አካባቢ ይቆማል፤ ከሳጥኑ የሚመጣውንም ራሱ ይጠጣዋል። ባትሪውን ፈትቶ መኪናውን በሳጥኑ ብቻ የማስነሳት ዘዴ አለ፤ አንመክረውም። ሳጥኑ ሲነቀል ከዲናሞው (ሞተሩ ሲሠራ ባትሪውን ከሚሞላው) የሚወጣውን ኃይል የሚያለዝብ ባትሪ ስለሌለ ኮምፒውተሩ ሊቃጠል ይችላል።

ሞተሩ በደንብ ይዞራል፣ ግን አይያዝም

ይህ የባትሪ ችግር አይደለም። ነዳጅ፣ ካንዴላ፣ ወይም ዳሽቦርዱ ላይ ብልጭ ድርግም የሚል የቁልፍ ምልክት ይመልከቱ። ናፍጣ መኪና ከሆነ ብርድ በበዛበት የኅዳርና የታኅሣሥ ማለዳ ዳሽቦርዱ ላይ ያለው የሞተር ማሞቂያ መብራት ሳይጠፋ ለማስነሳት ቁልፍ አይዞርም። ጃምፕ ስታርተሩን ይንቀሉት።

ተነሳ፤ በማግሥቱ ደግሞ ሞተ

ሞተሩ እየሠራ፣ መብራት በርቶ ባትሪው ላይ ይለኩ። ከ13.5 እስከ 14.7 ከሆነ ዲናሞው ደህና ነው። ከ13 በታች ከሆነ ቺንጋው (ዲናሞውን የሚያዞረው ቀበቶ) ላልቷል ወይም ዲናሞው ደክሟል፤ ከ15 በላይ ከሆነ ባትሪውን እየቀቀለው ነው።

ዲናሞው ደህና ሆኖ ባትሪው ከወደቀ የሚጠረጠረው መንገዱ ነው። ከአራት ኪሎ ሜክሲኮ በትራፊክ ውስጥ መሄድ የወደቀ ባትሪ አይሞላም፤ ባዶ የሆነ የ45 አምፔር-ሰዓት ባትሪ ለመሙላት ብዙ ሰዓት ይፈልጋል። ማታ በቻርጀር ያስሞሉት። ቀጥሎ የሚታየው መኪናው ጠፍቶም ኃይል የሚስብ ነገር ነው፦ አላርም፣ ጂፒኤስ፣ ካሜራ። ጤናማ መኪና ሲተኛ እስከ 50 ሚሊአምፔር ይስባል። 500 ከሳበ ያን ባትሪ በሁለት ቀን ገደማ ግማሽ ያደርሰዋል። ለመለካት መልቲሜትሩን በ10 አምፔሩ ቀዳዳ አድርገው በመቀነስ ተርሚናሉና ከእሱ በተፈታው ካቦ መካከል ያስገቡት፤ በር ተዘግቶ ግማሽ ሰዓት ይጠብቁ፤ ከዚያ ፊውዝ በፊውዝ እየነቀሉ ቁጥሩ የሚወርድበትን ይፈልጉ። መልቲሜትሩ እንደዚያ ሆኖ ሞተር ለማስነሳት አይሞክሩ፤ የመለኪያው ፊውዝ ወዲያው ይቃጠላል።

ስልክ ይሞላል፣ መኪና አያስነሳም

20,000 ሚሊአምፔር-ሰዓት የተጻፈበት ሳጥን በ3.7 ቮልት ሲባዛ 74 ዋት-ሰዓት ይዟል። ቪትዝ ለማስነሳት 150 አምፔር በ10 ቮልት ለ3 ሰከንድ ቢሄድ የሚጠፋው 1.25 ዋት-ሰዓት ብቻ ነው። አንድ ስልክ መሙላት ወደ 20 ይወስዳል። ታዲያ ትንሽ የቀረው ሳጥን ለምን እምቢ ይላል? የሊቲየም ሴል ሲጎድል ቮልቱ ይወርዳል፣ ብዙ አምፔር ሲጠየቅ ደግሞ ይበልጥ ይሰምጣል፤ ሞተሪኖው የሚፈልገው ላይ አይደርስም። ስለዚህ መብራት በጠፋ ቁጥር ስልክ የሚሞላበት ሳጥን ጠዋት መኪና ላያስነሳ ይችላል። ከግማሽ በታች አያውርዱት፤ ለስልክ ሌላ ፓወር ባንክ ቢኖር ይሻላል። በ5 ቮልት 2 አምፔር ቻርጀር ከባዶ ለመሙላት 8 ወይም 9 ሰዓት ስለሚፈጅ መብራት ባለበት ሌሊት ይሰኩት፤ ባይነካም በየሦስት ወሩ።

ሶማሌ ተራም ሆነ ሌላ ቦታ ሲገዙ በእጅዎ ይመዝኑት። 99,800 ሚሊአምፔር-ሰዓት ተብሎ የተጻፈበት 400 ግራም ሳጥን ሊሆን አይችልም፤ ያን ያህል የሚይዙ ሴሎች ብቻቸውን ከ1 ኪሎ በላይ ይመዝናሉ። በትልቁ የሚጻፈው አምፔር ለቅጽበት የሚወጣው ነው፤ የማስነሻው አምፔር ስንት እንደሆነ ይጠይቁ። ለናፍጣ ሃይሩፍ ለቪትዝ ከሚበቃው እጥፍ ወይም ከዚያ በላይ ያስፈልጋል። የአይሱዙና የሲኖትራክ ጭነት መኪኖች በአብዛኛው 24 ቮልት ስለሆኑ የ12 ቮልት ሳጥን አይገጠምባቸውም።

የኤሌክትሪክ መኪናው ሙሉ ነው፣ ግን አይከፈትም

በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለበት ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ይህ ምልክት በዝቷል። ትልቁ ባትሪ 80 በመቶ ቢሆንም በሩንና ኮምፒውተሩን የሚያነቃው ትንሹ የ12 ቮልት ባትሪ ሲወድቅ መኪናው እንደ ድንጋይ ይቆማል። በሩን በሪሞቱ ውስጥ በተደበቀው የብረት ቁልፍ ይክፈቱ፤ የ12 ቮልቱን ባትሪ ወይም የተመደበለትን ነጥብ ከመመሪያው ፈልገው ሳጥኑን እዚያ ብቻ ያገናኙ። የሚያስፈልገው ጥቂት አምፔር ነው፤ መኪናው ሲነቃ ትልቁ ባትሪ ትንሹን ይሞላል። ከፍተኛ ቮልት የሚያልፍበት ብርቱካናማ ገመድ ፈጽሞ አይነካም። የኋላ በሩ በኤሌክትሪክ ብቻ በሚከፈት መኪና ውስጥ ሳጥኑን ከኋላ ማስቀመጥ ከንቱ ነው፤ ከመቀመጫ ሥር ይሁን፣ ፀሐይ ከሚመታው ዳሽቦርድ ላይ ይራቅ። ያበጠ ሳጥን ቻርጅ አይደረግም፣ አይበሳም፤ ከመኪናው ወጥቶ ከሚቀጣጠል ነገር ርቆ ይቀመጥ።